ከ1899ኙ ድል እስከ 1940ው ውሳኔ፦ የሰዋኒ ዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ታሪክ

ተራራማው (ክሩን የከፈቱት)

ሰላም ለመድረኩ አባላት። በአሜሪካ ደቡብ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ምግብ ቤቱም፣ የሥራ ቦታውም፣ የነዳጅ ማደያውም በኮሌጅ ፉትቦል (ኳስ በእጅ ተይዞ በሚሮጥበት በአሜሪካው ፉትቦል) ወሬ ሲሞላ እናያለን። አላባማ፣ ጆርጂያ፣ ቴነሲና ኤል ኤስ ዩ (የሉዊዚያና ግዛት ዩኒቨርሲቲ) የሚባሉት ስሞች ለልጆቻችን እንደ አርሰናልና ማንቸስተር የታወቁ ሆነዋል። እነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች የሚወዳደሩበት የደቡብ ምሥራቅ ኮንፈረንስ፣ በተለምዶ ኤስ ኢ ሲ የሚባለው፣ በ1932 መጨረሻ ሲቋቋም ከ13ቱ መሥራቾች አንዷ ዛሬ ብዙ ሰው ስሟን ሰምቶ የማያውቅ ትንሽ የቤተ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ነበረች። ስለ እርሷ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ስላላገኘሁ የማውቀውን ላካፍል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሰዋኒ የምትገኘው በቴነሲ ግዛት፣ ከናሽቪል ወደ ቻታኑጋ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል 600 ሜትር ገደማ ከፍ ባለው የካምበርላንድ አምባ ላይ ነው። ሙሉ መጠሪያዋ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ሳውዝ ሲሆን፣ ሰው ሁሉ የሚጠራት ግን በመንደሯ ስም ነው። የደቡብ ግዛቶች የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ጳጳሳት በ1857 መሠረቷት፤ በ1860 የተጣለው የመሠረት ድንጋይ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጠፋ፤ ትምህርት የተጀመረው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በ1868 ነው። ዛሬ እንኳ በ13,000 ኤከር ደን መካከል የተቀመጠች፣ 1,700 ገደማ ተማሪዎች ብቻ ያሏት ተቋም ናት።

ፉትቦል በሰዋኒ የተጀመረው በ1891 ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የናሽቪሉ ቫንደርቢልት ወደ አምባው ወጥቶ 22 ለ0 አሸነፋቸው። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይተው ወደ ቻታኑጋ ወረዱና በታሪኩ የመጀመሪያውን ጨዋታ ያደርግ የነበረውን የቴነሲ ዩኒቨርሲቲን 24 ለ0 ረቱ። ዛሬ ከ100,000 በላይ ተመልካች በሚይዝ ስታዲየም የሚጫወተው ቴነሲ የታሪኩን የመጀመሪያ ሽንፈት የቀመሰው ከዚህች መንደር ልጆች እጅ መሆኑን ብዙ የቴነሲ ደጋፊ አያውቅም።

ከሁሉ የታወቀው ግን የ1899ኙ ቡድን ነው። በዚያ ዓመት ሰዋኒና ቫንደርቢልት በመግቢያ ገቢ ክፍፍል ባለመስማማታቸው በየዓመቱ የሚያደርጉት ጨዋታ ቀረ፤ በጥሬ ገንዘብ ረገድም ትልቅ ጉድለት ተፈጠረ። የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ተማሪ ሉክ ሊ ጉድለቱን ለመሙላት ያወጣው ዕቅድ እንዲህ የሚል ነበር፦ ቡድኑ በባቡር ወደ ምዕራብ ሄዶ፣ በየደረሰበት ከተማ ተጫውቶ፣ ከየጨዋታው የገቢ ድርሻውን ይዞ ይመለሳል። ሃያ አንድ ተጫዋቾች፣ ከፕሪንስተን የመጣው ወጣት አሰልጣኝ ኸርማን ሱተር፣ ሥራ አስኪያጁና ወጌሻው በመኝታ ፉርጎ ተሳፍረው ወጡ። የማያውቁት ውኃ ሆዳቸውን እንዳያውክ ሁለት በርሜል የሰዋኒ ምንጭ ውኃ አብሮ ተጫነ። የመጫወቻ ጫማዎቹ ግን በጣቢያው ተረስተው ቀርተው በሌላ ባቡር ተከትለው እንደተላኩ ይነገራል።

ኖቬምበር 9 በኦስቲን ቴክሳስን 12 ለ0፣ በማግስቱ በሂዩስተን ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምን 10 ለ0፣ በሦስተኛው ቀን በኒው ኦርሊንስ ቱሌንን 23 ለ0 አሸነፉ። እሑድን ዐረፉ። ሰኞ በባተን ሩዥ ኤል ኤስ ዩን 34 ለ0፣ ማክሰኞ በሜምፊስ ኦል ሚስን (የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲን) 12 ለ0 ረቱ። በስድስት ቀን አምስት ጨዋታ፣ አምስት ድል፣ የተቆጠረባቸው ነጥብ ደግሞ ባዶ። ጉዞው በጠቅላላ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። የዓመቱ አጠቃላይ ውጤት በ12 ጨዋታ 12 ድል ሆኖ፣ 322 ነጥብ አስቆጥረው የተቆጠረባቸው 10 ብቻ ነው።

በአሜሪካ ስለ ሰዋኒ የሚጻፈው ሁሉ እዚህ ላይ ይቆማል። የእኔ እምነት ግን ከዚህ ይለያል። የዚህችን ዩኒቨርሲቲ ፉትቦል እስከ ዛሬ ያቆየው የ1899ኙ ድል ሳይሆን በ1940 የተወሰደው ውሳኔ ነው። ሰዋኒ በኤስ ኢ ሲ ውስጥ በቆየችባቸው ስምንት የውድድር ዘመናት 37 የኮንፈረንስ ጨዋታ አድርጋ አንዱንም አላሸነፈችም፤ በዚያ ዓመት መጨረሻ ከኮንፈረንሱ በፈቃዷ ወጣች፤ ቡድኑን ግን አልበተነችም። ይህ ለምን ትክክል እንደነበረ መወያየት እፈልጋለሁ።

---

ጥያቄ አለኝ

ስለ ጽሑፉ አመሰግናለሁ። ልጄ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቡድን ስለሚጫወት፣ ከአንድ ጨዋታ በኋላ ሰውነቱ ለማገገም ስንት ቀን እንደሚፈልግ በዓይኔ አይቻለሁ። በስድስት ቀን አምስት ጊዜ መጫወት የሰው ልጅ የሚችለው ነገር አይመስለኝም። ጨዋታው ያኔ ከዛሬው የቀለለ ነበር ማለት ነው? ወይስ ሕጉ የተለየ ነበር?

---

የድሮ ጋዜጣ

ለጠየቁት መልስ ልሞክር። ሕጉ እጅግ የተለየ ነበር፤ ቀላል ግን አልነበረም፣ እንዲያውም በብዙ መንገድ የከፋ ነበር።

በ1899 ኳስን ወደ ፊት መወርወር ክልክል ነበር፤ የተፈቀደው በ1906 ነው። ስለዚህ ዛሬ በቴሌቪዥን የምናየው ኳስ በአየር ላይ 40 ያርድ (አንድ ያርድ 91 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው) የሚጓዝበት፣ ተጫዋቹም ሮጦ የሚቀበልበት ጨዋታ ጨርሶ አልነበረም። ቡድኑ ኳሱን ይዞ ለመቆየት በሦስት ሙከራ አምስት ያርድ ብቻ መግፋት ነበረበት፤ ዛሬ በአራት ሙከራ አሥር ያርድ ነው። ያ ሕግ ጨዋታውን ወደ ትከሻ ለትከሻ ግፊያ ለወጠው። ሰዎች ተቆላልፈው፣ ኳስ የያዘውን ከኋላ እየገፉና ከፊት እየጎተቱ፣ ክንድ በክንድ ይሄዳሉ። ሜዳው 110 ያርድ ርዝመት ነበረው፤ ጨዋታው በሁለት አጋማሽ ተከፍሎ እያንዳንዱ 35 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ታችዳውን፣ ማለትም ኳሱን ይዞ የተጋጣሚን የግብ መስመር ማለፍ፣ ስድስት ሳይሆን አምስት ነጥብ ነበር፤ በእግር መትቶ በአግዳሚው ላይ ማሳለፍም እንዲሁ አምስት ነጥብ ያስገኝ ነበር።

የተጫዋቾች ቅያሪ ነገር ደግሞ ይባስ ነው። አሥራ አንዱ ሲያጠቁም ሲከላከሉም እነዚያው ነበሩ፤ የወጣ ተጫዋች ተመልሶ መግባት አይችልም። ስለዚህ ተጎድቶ መውጣት ቡድንን መጉዳት ማለት ስለነበር ተጫዋቾቹ ቁስላቸውን ችለው ይቀጥሉ ነበር። የሰዋኒው አምበል ሄንሪ ሲብልስ በኦስቲን ከቴክሳስ ጋር ሲጫወት ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ደሙ እየወረደ ሜዳውን አልለቀቀም፤ የዚያን ቀን ሁለቱንም ታችዳውኖች ያስቆጠረው እርሱ ነው። ዛሬ አንድ ሐኪም ይህን ቢያይ ጨዋታውን ወዲያው ያስቆማል። ያኔ ጠንካራ የራስ ቁር የሚባል ነገር አልነበረም፤ ጥቂቶች ስስ ቆዳ ያጠልቁ ነበር፣ ብዙዎቹ ደግሞ ጠጉራቸውን አሳድገው መከታ ያደርጉት ነበር።

እንዲህ ያለው ጨዋታ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብዙ ወጣቶችን ገድሎ በ1905 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ራሳቸው ጣልቃ እስከ መግባት ደርሰዋል። በ1906 ኳስን ወደ ፊት መወርወር የተፈቀደበት አንዱ ምክንያትም የተጫዋቾቹን ክምችት ለመበተንና ጉዳቱን ለመቀነስ ነው። እንግዲህ እነዚያ 21 ወጣቶች በስድስት ቀን አምስት ጊዜ የተጫወቱት ከዚህ ለውጥ በፊት የነበረውን ጨዋታ ነው።

---

ሚዛን

ታሪኩ የሚያስደንቅ መሆኑን ሳልክድ ሌላውን ጎን ማንሳት እፈልጋለሁ፤ ድሉ በምን ዓይነት ተጋጣሚ ላይ እንደተገኘ ሳንመዝን ማድነቃችን ታሪኩን አይጠቅመውም።

ቴክሳስ፣ ኤል ኤስ ዩ፣ ቱሌንና ኦል ሚስ ፉትቦል የጀመሩት በ1893 ነው፤ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በ1894። በሌላ አባባል ሰዋኒ በዚያ ጉዞ የገጠመቻቸው ቡድኖች ሁሉ አምስትና ስድስት ዓመት ብቻ ያስቆጠሩ ጀማሪዎች ነበሩ። ኃያሉ ፉትቦል በዚያ ዘመን ያለው በሰሜን ምሥራቅ፣ በሃርቫርድ፣ በዬልና በፕሪንስተን ዘንድ ነው፤ በ1899 የአገሪቱ ቀዳሚ ቡድን ተብሎ በብዙዎች የሚጠቀሰውም ሃርቫርድ ነው። ሰዋኒ ከእነዚህ ከአንዳቸውም ጋር በዚያ ዓመት አልተጋጠመችም።

ከዚህ ሌላ፣ ያኔ ሁሉም ትንሽ ነበር። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው የተማሪ ብዛታቸው በመቶዎች የሚቆጠር ስለነበረ ሰዋኒን ከቴክሳስ የሚለያት ርቀት ዛሬ የምናስበውን ያህል አልነበረም። ዕውቀትን በተመለከተ ግን ሰዋኒ ብልጫ ነበራት፤ አሰልጣኟ ጨዋታውን የተማረው ጨዋታው በበሰለበት በፕሪንስተን ነው። በእኔ ግምት ለድሉ ትልቁ ምክንያት ይኸው ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አድገው፣ ስታዲየም ሠርተው፣ ደመወዝተኛ አሰልጣኝ ሲቀጥሩ የሰዋኒ ብልጫ ማለቁ የማይቀር ነበር።

---

ተራራማው

ለሚዛን፦ ያነሡት የዕድሜ ጉዳይ እውነት ነው፣ ሙሉውን ግን አይናገርም። ቴክሳስም ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምም በዚያ ዓመት ከተሸነፉባቸው ጨዋታዎች ይልቅ ያሸነፉባቸው የበዙላቸው ቡድኖች ነበሩ፤ ሰዋኒ ሁለቱን በተከታታይ ሁለት ቀናት፣ በባቡር አድራ፣ በግዛታቸውና በሕዝባቸው ፊት አሸንፋለች።

ደግሞም የዓመቱ ከባድ ፈተና ከጉዞው በኋላ የመጣ ነው። ኖቬምበር 20 የካምበርላንድ ዩኒቨርሲቲን 71 ለ0 ካሸነፉ በኋላ በምስጋና ቀን፣ ኖቬምበር 30፣ በሞንትጎመሪ ከኦበርን ጋር ተጋጠሙ። የኦበርን አሰልጣኝ ጆን ሃይዝማን ነበር፤ ዛሬ የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሸለመው ዋንጫ በስሙ የተሰየመለት ሰው። የሃይዝማን ቡድን ፈጣን ነበር፣ በዚያ ዓመት ሰዋኒ ላይ ነጥብ ማስቆጠር የቻለ ብቸኛው ቡድንም እርሱ ነው። ሰዋኒ 11 ለ10 አሸነፈች። ሃይዝማን ውጤቱን አልተቀበለም፤ ከጨዋታው በኋላ በጋዜጣ ላይ በዳኝነቱ አማሯል፤ ዛሬም የኦበርን ሰዎች ይህን ጨዋታ ሲያነሡ ቅሬታቸውን አይሸሽጉም። ከሁለት ቀን በኋላ ዲሴምበር 2 በአትላንታ ሰሜን ካሮላይናን 5 ለ0 አሸንፈው ዓመቱን ዘጉ። ሃይዝማንንና ሰሜን ካሮላይናን በሦስት ቀን ውስጥ ያሸነፈ ቡድን በጀማሪዎች ላይ ብቻ የበረታ ነው ማለት አይቻልም።

ለታሪክ ወዳዶች አንድ ነገር ልጨምር። ያን ጉዞ ያቀደው ሉክ ሊ በኋላ በ1907 በናሽቪል ዘ ቴነሲያን የተባለውን ጋዜጣ መሠረተ፣ የቴነሲ ሴናተር ሆኖ በዋሽንግተን አገለገለ፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ በ1919 ጃንዋሪ ደግሞ ወደ ሆላንድ የሸሸውን የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዊልሄልምን ጠልፎ ለመውሰድ ከጥቂት መኮንኖች ጋር ሙከራ አደረገ። ሳይሳካለት ቀረ። በሃያ ዓመቱ አንድ የኮሌጅ ቡድን በስድስት ቀን አምስት ጊዜ እንዲጫወት ያሰበ ሰው ይህን ማሰቡ አይገርምም።

ስለ ዕድገት የጻፉት ግን እኔ ወደምፈልገው ነጥብ ያደርሰናል። ሰዋኒ ከ1899 በኋላ ወዲያው አልወደቀችም፤ በ1909 ቫንደርቢልትን 16 ለ5 አሸንፋ የደቡብ ሻምፒዮን ተብላለች፤ በ1924 እንኳ ቫንደርቢልትን 16 ለ0 ረታለች። ውድቀቱ የመጣው ቀስ በቀስ ነው፤ ምክንያቱም ገንዘብ ነው። በአምባው ላይ ከተማ የለም፤ ከተማ ከሌለ ተመልካች የለም፤ ተመልካች ከሌለ የመግቢያ ገቢ የለም። ስለዚህ ትልልቅ ጨዋታዎቿን በአብዛኛው ወርዳ በሌሎች ሜዳ ለመጫወት ተገደደች። በ1899 ጉዞው የገቢ ምንጭ ሆኖላት ነበር፤ በ1930ዎቹ ያው ጉዞ ለትልልቆቹ ቡድኖች ቀላል ድል የሚያቀርብ ሆነ።

---

የሲልቨር ስፕሪንጓ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሳይነሣ መታለፍ የሌለበት ነገር አለ። ተራራማው "ወጌሻው" ብለው በአንድ ቃል ያለፉት ሰው ካል በሮውስ ይባላል፤ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። የተጫዋቾቹን እግርና ትከሻ እያሸ ለማግስቱ ጨዋታ ያዘጋጃቸው እርሱ ነው። በእኔ አስተያየት በስድስት ቀን አምስት ጨዋታ ያቆማቸው ከፕሪንስተን የመጣው ዕውቀት ብቻ ሳይሆን የዚህ ሰው እጅም ነው። ቡድኑን በባቡር ተከትሎ ሄዷል፤ በዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሆኖ ሊመዘገብ ግን አይችልም ነበር። ከእርሱ ዘር የሆነ ሰው ያን ማሊያ ለመልበስ ከስድሳ ዓመት በላይ መጠበቅ ነበረበት፤ ሰዋኒ ጥቁር ተማሪዎችን በመጀመሪያ ዲግሪ ለመቀበል የወሰነችው በ1961 ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1952፣ ባለአደራዎቹ ጥቁር ተማሪዎችን በነገረ መለኮት ትምህርት ቤቱ አንቀበልም በማለታቸው ከመምህራኑ አብዛኞቹ ሥራቸውን ለቀዋል፤ በማግሥቱ ዓመት ባለአደራዎቹ ውሳኔያቸውን ቀየሩ።

ዩኒቨርሲቲው የተመሠረተው ባሪያ አሳዳሪ በነበሩ ሰዎች ገንዘብ እንደሆነ ራሱ ዩኒቨርሲቲው አምኖ ከ2017 ጀምሮ ታሪኩን በጥልቀት ሲያጠና ቆይቷል። በ2020 ደግሞ የተቋሙ የመጀመሪያው ጥቁር ምክትል ቻንስለር ተሾሙ፤ በሰዋኒ ምክትል ቻንስለር ማለት የዩኒቨርሲቲው ዋና መሪ ማለት ነው። እኚህ ሰው ሩበን ብሪጌቲ ናቸው። ስማቸውን ለአዲስ አበባ ሰው ማስተዋወቅ ላያስፈልግ ይችላል፤ ከ2013 እስከ 2015 በአፍሪካ ኅብረት የአሜሪካ አምባሳደር ሆነው በአዲስ አበባ ኖረዋል። ሰዋኒ ላይ የቆዩት ከአንድ ዓመት ተኩል ያልበለጠ ነው፤ በዚያም ጊዜ በግቢው ያለው መኖሪያቸው በተደጋጋሚ ጥቃት እንደደረሰበት በ2021 መጀመሪያ ለሕዝብ ተናግረዋል። በኋላ በደቡብ አፍሪካ የአሜሪካ አምባሳደር ሆኑ።

ይህን የማነሣው የ1899ኙን ድል ለማጠልሸት አይደለም። ሁሉም ተጋጣሚዎቻቸው ነጮች ብቻ የተማሩባቸው ተቋማት ነበሩ፤ "የደቡብ ሻምፒዮን" ስንል የምንናገረው ስለ ግማሹ ደቡብ ነው። ይህ በታሪኩ ውስጥ መጻፍ አለበት።

---

የድሮ ጋዜጣ

የሲልቨር ስፕሪንጓ እኅታችን የጻፉት ትክክል ነው፤ የካል በሮውስ ስም ከተጫዋቾቹ ስም እኩል መጠራት ይገባዋል። በቡድኑ ፎቶግራፍ ላይም አብሮ አለ።

---

ሚዛን

እንግዲህ ወደ 1940 እንምጣ፤ ክሩ የተከፈተው ስለዚያ ነውና። ተራራማው መውጣቱ ትክክል ነበር ይላሉ፤ እኔ ግን አንድ ተቃራኒ ምሳሌ አለኝ፦ ቫንደርቢልት። እርሱም የግል ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እርሱም በአካዳሚ ጥብቅ ነው፤ በኤስ ኢ ሲ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ሲሸነፍ ኖሯል፤ ግን አልወጣም። ኮንፈረንሱ ዛሬ በቴሌቪዥን ውል ምክንያት ለእያንዳንዱ አባል በዓመት በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ያከፋፍላል። አንድ 1,700 ተማሪ ያለው ኮሌጅ በዚህ ገንዘብ ስንት የትምህርት ዕድል መስጠት ይችል ነበር? ሽንፈትን ታግሶ መቆየት አንዳንድ ጊዜ ከኩራት የበለጠ ጥቅም አለው።

---

ተራራማው

ጥያቄው ከባድ ነው፤ በቁም ነገር ልመልስ።

ቫንደርቢልት ከተማ አለው። ናሽቪል ውስጥ ነው፤ ሆስፒታል፣ የሕግና የሕክምና ትምህርት ቤት፣ በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ሰባት ሺህ ያህል ተማሪ አለው። ሰዋኒ ከዚህ አንዱም የላትም። በ1940 ስለ ቴሌቪዥን ገንዘብ የሚያውቅ አልነበረም፤ የነበረው ምርጫ ተጫዋቾችን በስኮላርሺፕ ስም እየከፈሉ መቅጠር ወይም በየሳምንቱ በትልልቅ ሜዳዎች መረገጥ ነበር። ከዚያ ተነሥተን እስከ 1980ዎቹ ድረስ በዚህ ሁኔታ ብትቆይ ኖሮ ኮሌጁ ራሱ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ ያስፈልጋል። ቱሌን በ1966 ወጥቷል፣ ጆርጂያ ቴክ ደግሞ በ1964፤ እነዚህ ከሰዋኒ በብዙ እጥፍ የሚበልጡ ናቸው።

ውሳኔውን ያስወሰነው ምክትል ቻንስለር አሌክሳንደር ጌሪ ነው። በ1938 ሥልጣኑን ሲይዝ ከቻታኑጋ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንትነት መጥቶ ነበር፤ ራሱም የሰዋኒ ምሩቅ ነው። ክርክሩ ገንዘብ ወደ ተማሪዎች ጨዋታ ሲገባ ጨዋታው የተማሪዎች መሆኑ ይቀራል የሚል ነበር። ስለዚህ የስፖርት ስኮላርሺፕን አስቀረ። እኔ የማደንቀው ቀጥሎ ያደረገውን ነው፤ ቡድኑን አልዘጋም። በተመሳሳይ ጊዜ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ምን እንዳደረገ ተመልከቱ። ቺካጎ ኃያል ነበር፤ በ1935 የመጀመሪያውን የሃይዝማን ዋንጫ ያሸነፈው ጄይ በርዋንገር የቺካጎ ተጫዋች ነው። በ1939 መጨረሻ ፕሬዚዳንቱ ሮበርት ሃቺንስ ፉትቦሉን ሙሉ በሙሉ ዘጋው፤ ኦፊሴላዊ ቡድን እንደገና የተቋቋመው ከሠላሳ ዓመት በኋላ በ1969 ነው። አንዱ ጨዋታውን ከግቢው አባረረው፤ ሌላው በአቅሙ ልክ አስተካክሎ አቆየው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሰዋኒ ያለ ስኮላርሺፕ መጫወት ጀመረች። በ1957 ሸርሊ ሜጀርስ የተባለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሰልጣኝ መጥቶ እስከ 1977 ቆየ። በ1958 በስምንት ጨዋታ ስምንት ድል፤ በ1963 እንደገና በስምንት ጨዋታ ስምንት ድል። ልጁ ጆኒ ሜጀርስ በኋላ በ1976 የፒትስበርግን ዩኒቨርሲቲ የአገር ሻምፒዮን ያደረገ አሰልጣኝ ነው፤ ጨዋታውን የተማረው ከአባቱ ነው። በ1962 ሰዋኒ ሴንተር ኮሌጅን፣ የሜምፊሱን ሳውዝዌስተርን፣ ዋሽንግተን ኤንድ ሊንና የሴንት ሉዊሱን ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲን ይዛ በስኮላርሺፕ የማይጫወቱ ኮሌጆችን ኮንፈረንስ አቋቋመች። ዛሬ ይህ መንገድ የዲቪዥን ሦስት መንገድ ይባላል፤ በመላ አገሪቱ ከ200 በላይ ኮሌጆች በዚህ መንገድ ፉትቦል ይጫወታሉ። የጌሪ ውሳኔ ዲቪዥን ሦስት ከመቋቋሙ በፊት የተወሰደ ነው።

---

ሚዛን

የቺካጎ ንጽጽር አሳምኖኛል ባልልም ነጥቡን ጠንካራ ያደርገዋል። አንድ ነገር ግን አሁንም እላለሁ፦ ከ37ቱ ሽንፈቶች በፊት፣ ኮንፈረንሱ በ1932 ሲቋቋም፣ አለመግባት የተሻለ ነበር። ጌሪ ያረመው የቀደሙትን ውሳኔ ነው።

---

ጥያቄ አለኝ

ክሩን ሁሉ አነበብኩ። አንድ ተግባራዊ ጥያቄ አለኝ። ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፣ መጠነኛ ቁመት ያለው ጎበዝ ተጫዋች ነው፣ ትልልቆቹ ግን አይፈልጉትም። እንደ ሰዋኒ ያሉ ኮሌጆች አሰልጣኞች ደብዳቤ ይልኩለታል። ስኮላርሺፕ ካልሰጡ ለምን ይጠሩታል? እኔና ባለቤቴ የምንችለው ክፍያ አይደለም።

---

የድሮ ጋዜጣ

በዲቪዥን ሦስት ለስፖርት ችሎታ ገንዘብ መስጠት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ለውጤትና ለቤተሰብ የገቢ ሁኔታ ግን ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ብዙዎቹ የግል ኮሌጆች ደግሞ በማስታወቂያቸው ላይ የሚታየውን ሙሉ ክፍያ የሚያስከፍሉት ጥቂቱን ተማሪ ነው። አሰልጣኙ የሚጠራው ልጅዎ ለኮሌጁ የሚመዘገብ ጥሩ ተማሪ እንዲሆንለት ጭምር ነው፤ በትንንሽ ኮሌጆች የፉትቦል ቡድን ራሱ የወንድ ተማሪ ቁጥር የሚጠበቅበት አንዱ መንገድ ነው። ስለዚህ በደብዳቤው አይከፉ። ፋፍሳ የሚባለውን የመንግሥት የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ በጊዜ ይሙሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ኮሌጅ በድረ ገጹ ላይ ያለውን የወጪ ማስያ በገቢዎ ይሞክሩት፤ ከዚያም ለአሰልጣኙ ሳይሆን ለገንዘብ ድጋፍ ቢሮው በቀጥታ ይደውሉ። አሰልጣኙ ስለ ገንዘብ በሚሰጥዎ ቃል ላይ ሳይሆን ቢሮው በጽሑፍ በሚሰጥዎ ላይ ይመኑ።

---

ጥያቄ አለኝ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ ከልጄ ጋር ማስያውን እንሞክራለን።